ገንዘብ ዛፍ ላይ በሚበቅልበት አገር

ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነቀምቴ ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቹ ስለ ገንዘብ የሚነገሩ ፈሊጦችን ሰሌዳ ላይ ጻፈላቸው። ክፍሉ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነበር። ወሩ የቡና ለቀማ ነው። ከጊምቢና ከአካባቢው መጥተው፣ ዘመድ ቤት ተጠግተው ወይም ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች በዚህ ወቅት ሳምንት ሁለት ሳምንት ይጠፋሉ። መምህሩ ስም ሲጠራ «ቀሪ» ብሎ ያልፋል እንጂ ለምን ቀሩ ብሎ አይጠይቅም። ምክንያቱን ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ፈሊጥ ቀላሉ ነበር። ፈረንጅ ልጁ «ግዛልኝ» እያለ ሲያስቸግረው የሚመልስለት ነው፦ ገንዘብ ዛፍ ላይ አይበቅልም። መምህሩ ትርጉሙን ነገራቸው፣ አንድ ምሳሌ ሰጠ፣ ወደ ሁለተኛው ሊያልፍ ሲል ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከለቀማ ከተመለሰች ሦስተኛ ቀኗ ነው።

«ቲቸር፣ እኛ ጋ ይበቅላል» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ሳቀ። «ለፈተና ግን መጽሐፉ ላይ ያለውን ጻፉ» አለና ቀጠለ።

ልጅቷ አልሳቀችም፤ የተናገረችው ለቀልድ አልነበረም። ቤተሰቧ ጊምቢ አካባቢ ካለው ቡና በቀር ሌላ የገንዘብ ምንጭ የለውም። በቆሎው ይበላል። የደብተሩ፣ የቤት ኪራዩ፣ የጨውና የሳሙናው፣ ሰው ሲታመም የሐኪም ቤቱ ገንዘብ የሚመጣው ከዛፍ ነው። ቡና ቁጥቋጦ ነው እንጂ ዛፍ አይደለም የሚል የዕፅዋት ምሁር ካለ መከራከር ይችላል፤ ለሚለቅመው ሰው ግን ዛፍ ነው።

መምህሩ ማታ ቤቱ ገብቶ ዝርዝሩን እንደገና አየው። ለዓመታት ያስተማረው ዝርዝር ነው። የነቀምቴ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ ይማራል፤ ከ9ኛ ጀምሮ ሒሳቡም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ገበያ ላይ ኦሮምኛና አማርኛ ይቀላቅላል። ፈሊጥ ደግሞ የቋንቋ የመጨረሻው ክፍል ነው፣ ቃላቱ ሁሉ ቢታወቁም ትርጉሙ አይታወቅም። ስለዚህ መምህሩ ሁሌም የሚያደርገው አንድ ነገር ነበር፤ የእኛን አቻ ይፈልግላቸዋል፣ እነሱም በዚያ ይይዙታል።

አንዳንዱ ያለ ችግር ይሻገራል። «ከእጅ ወደ አፍ» የሚለው በእንግሊዝኛም በአማርኛም ቃል በቃል አንድ ነው። ቀበቶ ማጥበቅ የሚለውን የመንግሥት ሹማምንት ሳይቀሩ ተለማምደውታል፤ ቀበቶው የማን እንደሆነ ባይናገሩም። እንግሊዝ ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ሰው «ዳቦ አምጪ» ይለዋል፣ የእኛ ሰው ደግሞ ሥራውን «እንጀራዬ» ይላል፣ ከሥራ ሲወጣ የእንጀራ ገመዱ ተበጠሰ ይባላል። «ካሽ ካው» የሚለውን ለማስረዳት ጥገት ላም ማለት ይበቃል። እንዲያውም ለወለጋ ልጅ ከዚህ በላይ ቅርብ ነው፤ በኦሮምኛ «ሆሪ» ማለት ከብትም ነው፣ ሀብትም ነው፣ ገንዘብም ነው። አንድ ቃል ነው።

የሚያስቸግሩት ሌሎቹ ናቸው። እነሱ ከሒሳብ መዝገብና ከወር ደመወዝ የወጡ ናቸው።

«ቀይ ውስጥ ገባ» የሚለውን እንውሰድ። የእንግሊዝ ሒሳብ ያዥ ኪሳራን በቀይ ቀለም፣ ትርፍን በጥቁር ይጽፍ ስለነበር፣ የከሰረ ሰው ቀይ ውስጥ ነው፣ የቀናው ጥቁር ውስጥ ነው። ይህን ለቡና ገበሬ ልጅ ስታስተምር ነገሩ ይገለበጣል። ቡና ጥሩ የሚሆነው ቀይ ሲሆን ነው። አረንጓዴውን የለቀመ ችኩል ነው፤ ዋጋውም ይወርድበታል። ቀይ እሸቱ ተመርጦ ይለቀማል፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ጀንፈል ይሆናል። የወለጋ ቡና በብዛት የሚዘጋጀው በዚህ መንገድ፣ ሳይታጠብ በፀሐይ ደርቆ ነው። ከተፈለፈለ በኋላ ጥቁር ፍሬ ከተገኘበት ደግሞ እንከን ተብሎ ይቆጠራል፣ ደረጃው ይቀንሳል። እንግዲህ ለዚያች ልጅ ቀይ ትርፍ ነው፣ ጥቁር ኪሳራ ነው። ፈተና ላይ ግን ተቃራኒውን ማክበብ አለባት።

ከዚህ የባሰው «ለዝናብ ቀን ቆጥብ» የሚለው ነው። መምህሩ ይህን ሲያስተምር ሁልጊዜ «ዝናብ ማለት ክፉ ቀን ነው» ይል ነበር። ነቀምቴ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። ዝናብ ክፉ ነው ብሎ ለወለጋ ሰው መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ቡናው የሚያብበው ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ነው። ዝናቡ ከቀረ አበባው የለም፣ አበባው ከሌለ ኅዳር ባዶ ነው።

ግን ፈሊጡን ደግመህ ስታየው እውነት አለው፤ የተለየ እውነት። ለደመወዝተኛ ገንዘብ በየወሩ ይመጣል፣ ክፉ ቀን ደግሞ ድንገት ይመጣል። ለቡና ገበሬ ገንዘብ በዓመት አንዴ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይመጣል። ክፉው ቀን ደግሞ ድንገተኛ አይደለም፣ በቀን መቁጠሪያ ላይ ያለ ነው፦ ከሰኔ እስከ መስከረም። እህሉ ከጎተራ እያለቀ፣ መንገዱ እየጨቀየ፣ ልጅ እየታመመ፣ መስከረም ላይ ለትምህርት ቤት የሚያስፈልገው እየተቆጠረ፣ ዝናቡ ይዘንባል። ሊቆጠብለት የሚገባው የዝናብ ቀን ሳይሆን የዝናብ ወራት ናቸው። የኅዳሩ ገንዘብ ግን ሰርግ አለበት፣ ቆርቆሮ አለበት፣ ያለፈው ዓመት ዕዳ አለበት። ሰኔ ላይ አይደርስም።

እዚህ ላይ ነው ወለጋ ብቻ ሳይሆን ቡና ያለበት አገር ሁሉ የሚያውቀው ነገር የሚመጣው። ገበሬው ገና ያልደረሰ ቡናውን ክረምት ላይ ይሸጣል። ገዢው አሁን ብር ይሰጠዋል፣ ኅዳር ላይ ቡናው ሲደርስ ዛሬ በተነጋገሩበት ዋጋ ይወስዳል። ምስክር ይቀመጣል፣ አንዳንዴም ወረቀት ይጻፋል። ያልተፈለፈለ ጫጩት አትቁጠር የሚለው የእንግሊዝ ምክር፣ ላም አለኝ በሰማይ የሚለውም የእኛ፣ ሁለቱም ለዚህ ሰው አይሠሩም። እሱ አልቆጠረም፣ ሸጦታል።

ለስሌት ያህል፣ ክረምት ላይ ኪሎውን በ100 ብር የሸጠ ሰው ኅዳር ላይ ገበያው 150 ቢሆን፣ በአምስት ወር ከመቶ ሃምሳ ከፍሏል ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተበዳሪና አበዳሪ የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ ይላል። ታዲያ ይህ ከአራጣ በምን ይለያል ቢባል፣ በስሙ ነው። ወለድ አልተባለም፣ ብድርም አልተባለም። ሽያጭ ተባለ። ገበሬውም የሚያፍረው ወይም የማያፍረው በስሙ ነው። ተበደርኩ ከማለት ሸጥኩ ማለት ለአባወራ ይቀለዋል።

የልጅቷ አባት ሰኔ 2016 ዓ.ም. ላይ እንዲሁ ሸጠው ነበር። ልጅቷ ከክፍል ቀርታ ስትለቅም የሰነበተችው ቡና ከአምስት ወር በፊት የሌላ ሰው የሆነ ነው። ይህን መምህሩ የሰማው ዘግይቶ፣ የቤት ኪራይ ለመክፈል ተቸግራ የክፍል ጓደኞቿ ብር ሲያዋጡላት ነው።

ሰኔ 2016 ደግሞ እንደ ሌላው ሰኔ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን አወጀ። ሰው ይህን «ብር ተንሳፈፈ» አለው፣ ከእንግሊዝኛው «ፍሎት» ወርዶ። ነቀምቴ ውስጥ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰው መንሳፈፍ ሲባል የሚያስበው ውኃ ላይ የሚቀረውን እንጂ የሚሰምጠውን አይደለም። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ በላይ ደግሞ የዓለም የቡና ዋጋ ሽቅብ ሄደ፤ 2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ ኒው ዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ4 ዶላር በላይ ተሸጠ፣ ከዚያ በፊት ያልታየ ዋጋ። ኢትዮጵያ በ2016 በጀት ዓመት ከቡና ያገኘችው 1.43 ቢሊዮን ዶላር ነበር፣ በ2017 ወደ 469 ሺህ ቶን የሚጠጋ ልካ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። ዜናው በቴሌቪዥን በኩራት ተነገረ። መኩራትም የሚገባ ነበር።

ሰኔ ላይ የሸጠው ሰው ግን ያንን ዜና የሰማው በሰኔው ብር ነው። ገበያው ከፍ ሲል የእሱ ዋጋ እዚያው ቆመ። ማንም አላጭበረበረውም፤ ገዢውም ቢሆን ሐምሌ ላይ ምን እንደሚታወጅ አያውቅም ነበር። ዋጋው ወድቆ ቢሆን ኖሮ የሚከስረው ነጋዴው ነበር፣ እንደዚያ የሆነበትም ዘመን አለ። ይህን መናገር ፍትሐዊ ነው። ልዩነቱ ነጋዴው ብዙ ገበሬ አለው፣ አንዱ ዓመት ቢጎዳው ሌላው ይክሰዋል። ገበሬው ያለው አንድ ቡና፣ አንድ ኅዳር ነው።

«ታዲያ ለምን ባንክ አይቆጥቡም?» የሚል ሰው አዲስ አበባ ሆኖ ይጠይቃል። እንግሊዝኛ የተረጋገጠ ነገርን ለመግለጽ «ባንክ እንዳለ ገንዘብ» ይላል። መምህሩ ይህንን ፈሊጥ ሲያስተምር ድምፁ ይቀንሳል። ጥር 2011 ዓ.ም. ላይ በምዕራብና በቄለም ወለጋ ከተሞች ከአሥር በላይ የባንክ ቅርንጫፎች መዘረፋቸው ተዘግቧል። በቀጣዩ ዓመት ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ወር ያህል በአካባቢው ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ገንዘብ መላክ ይቅርና ደኅና ነኝ ማለት አልተቻለም። በዚያ መካከል ያደገ ልጅ ባንክ እንዳለ ገንዘብ ሲባል ምን እንደሚታየው መገመት አያስቸግርም። ባንኮቹ ጥፋተኛ ናቸው ማለት አይደለም፤ እነሱም ተጎጂ ነበሩ። ስንቄ የሚል ስም ያለው ባንክም አለ፤ ስንቄ ያገባች የኦሮሞ ሴት የምትይዘው በትር ነው፣ የመብቷና የክብሯ ምልክት። ከብዙ የባንክ ስሞች ይልቅ ይህ ለገበሬ ሚስት የሚናገረው አለ።

ስለ ስም ከተነሣ፣ የስልኩም ነገር አለ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በቀጣዩ ዓመት ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ ብድርና ቁጠባ ሲጀምር ስሞቹን በአማርኛ አወጣ፦ ብድሩ «መላ»፣ ቁጠባው «ሳንዱቅ»፣ ሒሳብህ ላይ ካለው በላይ እንድታወጣ የሚፈቅደው ደግሞ «እንደኪሴ»። ያወጣቸው ሰው ቋንቋ ያውቃል፣ መመስገን አለበት። ሳንዱቅ የሚለው የአያትን ቤት ያስታውሳል። እንደኪሴ የሚለው ላይ ግን ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። እንግሊዝኛው «ኦቨርድራፍት» ነው፣ ከመጠን በላይ መቅዳት እንደማለት፤ ቃሉ ራሱ ያስጠነቅቃል። አማርኛው ያባብላል። የሰው ገንዘብ እንደ ኪስህ ሆነ። መምህሩ ራሱ ከወሩ 20ኛው ቀን በኋላ እንዲህ ባለ ብድር ይኖራል፤ ሱቁ በር ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ግን አለ» ተብሎ ስለተለጠፈበት።

አማርኛ ብድርን በጎ ስም መስጠት ይወዳል፣ ምክንያትም አለው። ለቅሶ የደረሰውን፣ በበሽታ የጠየቀውን ሰው «ብድር መላሽ ያድርገን» እንለዋለን። በዚህ አባባል ብድር ማለት ውለታ ነው፣ መመለሱም ምርቃት ነው። «ወለድ» ደግሞ ከመውለድ ነው፤ ገንዘብ ይወልዳል። ማን እንደሚወልድና ማን እንደሚያሳድግ ግን ቃሉ አይናገርም።

አንድ የሚያስገርም ነገር እዚህ ላይ ይነሣ። እንግሊዝኛ ተሰጥኦን «ታለንት» ይለዋል። ታለንት በጥንት ዘመን የብር መመዘኛ ነበር፤ ጌታው ለአገልጋዮቹ ገንዘብ ሰጥቶ ስለሄደበት የወንጌል ምሳሌ ሲሰበክ ሲሰበክ ተሰጥኦ የሚል ትርጉም ያዘ። አማርኛም ሳይመካከር ያንኑ አደረገ፣ መክሊት የገንዘብ ስም ነበረ፣ ዛሬ «መክሊቱን አገኘ» የምንለው ለዘፋኝና ለሠዓሊ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሰው ኦኔስሞስ ነሲብ ይህን ምሳሌ ሲተረጉም ምን ያህል እንዳሰበበት መገመት ይቻላል። ሙሉው ትርጉም በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ እሱም ነቀምቴ ኖሮ፣ ነቀምቴ አስተምሮ፣ በ1931 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞተ። የከተማይቱም ስም ራሱ ወደ ገንዘብ ተተርጉሟል፤ በዓለም ገበያ የወለጋ ቡና «ለቀምቲ» በሚለው በቀድሞው ስሟ ይሸጣል። ስሙን ጀርመንና ጃፓን ያለ ቡና ቆዪ ያውቀዋል። ከተማይቱ የት እንዳለች ይወቅ አይወቅ ሌላ ነገር ነው።

ሰኔ 2017 ዓ.ም. ላይ የልጅቷ አባት ነቀምቴ መጡ። ትምህርት ሊዘጋ ነው፣ ልጃቸውን ሊወስዱ ነው። ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ነበራቸው። ልጅቷ ወደ መምህሩ አመጣቻቸው። «ቲቸር ያንብብልህ» ብላ ነው ያመጣቻቸው፤ እሷም ማንበብ ትችላለች፣ ግን አባት ከልጁ አፍ ዕዳውን መስማት አይወድም፤ ይህን ታውቃለች።

ወረቀቱ በኦሮምኛ በእጅ የተጻፈ ነው። የቡናው መጠን አለ፣ የብሩ መጠን አለ፣ ለሦስት ምስክሮች ቦታ ተትቷል። ገና አልተፈረመም። መምህሩ ቀስ ብሎ አነበበላቸው። ሰውየው አንድ ቦታ ላይ አስቆሙት፤ የተቆረጠ ዋጋ የሚለው ጋ። በኦሮምኛም በአማርኛም የተወሰነ ዋጋ ከመቁረጥ ነው የሚወጣው።

«የተቆረጠው ለሁለታችንም ነው ወይስ ለእኔ ብቻ?» ብለው ጠየቁ።

መምህሩ እንደገና አነበበው። ለሁለቱም ነው። ቢወርድም ቢወጣም ነው። ግን ያለፈውን ዓመት ሁለቱም ያውቃሉ፣ ስለዚህ ዝም አለ። ከዚያ «አባባ፣ ሁሉንም መሸጥ የግድ ነው ወይ? ለክረምቱ የሚያስፈልግዎትን ያህል ብቻ ቢሸጡና ቀሪውን በለቀማው ቀን ዋጋ ይሁን ቢሉት?» አላቸው። ሰውየው አሰቡ። ነጋዴው እሺ ይል እንደሆነ አያውቁም። ሌላም ነጋዴ አለ፤ እሱም ምን እንደሚል አያውቁም። አንድ ወይፈን እንዳላቸውና እሱን መሸጥ እንደሚችሉ፣ ግን ወይፈን ክረምት ላይ ዋጋ እንደሌለው ተናገሩ።

ልጅቷ በዚህ መሃል ስለ ኅዳሩ ክፍል ነገረቻቸው፤ ፈረንጆች ገንዘብ ዛፍ ላይ አይበቅልም ይላሉ ብላ። ሳቁ። «እውነታቸውን ነው» አሉ። «ዛፍ ላይ የሚበቅለው ቡና ነው። ገንዘብ የሚሆነው እዚህ ነው» ብለው ወረቀቱን በጣታቸው መቱት።

መምህሩ እስክሪብቶ አወጣ። የቡናው መጠን የተጻፈበትን ቁጥር አልሰረዘም፤ የእሱ ወረቀት አይደለም። ከደብተሩ አንድ ገጽ ቀድዶ ሁለት ቁጥሮች ጻፈላቸው፤ አንዱ አሁን የሚሸጡት ኩንታል፣ ሌላው በኅዳር ዋጋ የሚቀረው። ሰውየው ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ በላስቲኩ ጠቀለሉና ኪሳቸው ከተቱ። የጊምቢ አውቶቡስ ሳይሞላ ለመድረስ፣ ልጅቷ የልብስ ሻንጣዋን ይዛ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ፣ በካፊያው ውስጥ ወደ መናኸሪያው ወረዱ።